«እጄ ይንቀጠቀጣል» ለምትሉኝ ተሸካሚዎች

በቺርሊዲንግ (ሰው እየተነሳ በቡድን በሚሠራው የስፖርት ትርኢት) ከታች ሆነው ሰው የሚያነሱ ልጆች የሚጠይቁኝ ሁሌም አንድ ነው። «ሰው ወደ ላይ ሳወጣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ በቀን ስንት ፑሽ አፕ ልሥራ?» ከደብረ ብርሃን ይመጣል፣ ከሸዋ ሮቢት ይመጣል፣ ባለፈው ሰሞን ደግሞ ከመሐል ሜዳ መጣ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለስ ሰለቸኝ። ይኸው አንዴ ጻፍኩት።

አጭሩ መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ክንዳችሁ አይደለም። ሰው የሚነሳው በእግር ነው። የእጅ ሥራ እግር ያነሳውን መያዝ ብቻ ነው። እጃችሁ የሚንቀጠቀጠው የእግርን ሥራ ስላሸከማችሁት ነው።

መጀመሪያ በስሞቹ እንግባባ። በቺርሊዲንግ ሰው የሚያነሳ ቡድን ብዙውን ጊዜ አራት ሰው ነው። ከታች ሆነው የሚያነሱት ሁለቱ ቤዝ ይባላሉ። እኔ ተሸካሚ እላቸዋለሁ። ላይ የምትወጣዋን ወጪ፣ ከኋላ የሚቆመውን ደግሞ ጠባቂ እላለሁ። (ወጪ ስል የወር መጨረሻውን አይደለም።) ሰርከስ ውስጥ ፒራሚድ የምትሠሩ ልጆች፣ የእናንተ አያያዝ ይለያል እንጂ አቋቋሙና የእግሩ ሥራ ያው ነው። ስለዚህ አንብቡት።

እዚህ የምጽፈው ወጪዋ በሁለት እግሯ ቆማ እስከ ትከሻችሁ ከፍታ የምትወጣበትን ብቻ ነው። ከራስ በላይ ማንሳት፣ በአንድ እግር ማቆም፣ ወደ ላይ መወርወር እዚህ የሉም። እነሱን አሰልጣኝ አጠገባችሁ ሳይቆም አትሞክሯቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የጂምናስቲክ ምንጣፍ። ጠንከር ያለ፣ ሲረግጡት ብዙ የማይሰምጥ። ብዙዎች የስፖንጅ ፍራሽ ያነጥፋሉ። ለወጪዋ ደግ ያደረጉ ይመስላቸዋል። ግን ተሸካሚው ስፖንጅ ላይ ሲቆም ቁርጭምጭሚቱ ይዋልላል፣ ከታች የተዋለለው ላይ ሲደርስ ይብሳል። ሁለት ምንጣፍ ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት እንዳይኖር በሰፊ ፕላስተር አያይዙት።
- ሶሉ ጠፍጣፋና ስስ የሆነ፣ በክር የሚታሰር ጫማ። ሸበጥ አይሆንም። ሶሉ ወፍራም የሆነ የሩጫ ጫማም አይመችም፤ የወጪዋን እግር እጃችሁ አይሰማውም።
- የ5፣ የ10 እና የ20 ሊትር ጀሪካን። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ሚዛኑ የታወቀ ክብደት በርካሽ አታገኙም።
- 25 ኪሎ አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ። አፉን በደንብ ስፉት። ወፍጮ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑት፤ በግምት አትሙሉ።
- ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክና የሚያስደግፉበት ነገር።
- የጥፍር መቁረጫና የፀጉር ማሰሪያ።
- አራተኛ ሰው፣ ማለትም ጠባቂ። ይሄ ከዕቃው ሁሉ ይበልጣል። ሰው ከጎደለ የዚያን ቀን ሰው አይነሳም፤ ጀሪካን ይነሳል።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

ሲሚንቶ፣ አስፋልትና ሸክላ ንጣፍ ላይ ሰው አይነሳም። እርጥብ ሣር ላይም አይነሳም። ደብረ ብርሃን ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጠዋት ታውቁታላችሁ። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ፀሐይ ሲነካው ደግሞ ውሃ ይሆናል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሜዳ የወጣ ቡድን ማሟሟቂያና የጀሪካን ሥራ ይሥራ፤ ማንሳቱን ሣሩ እስኪደርቅ ያቆየው።

ቅባት። ብርዱ ቆዳ ስለሚያደርቅ ሁላችንም ጠዋት ቫዝሊን ተቀብተን ነው ከቤት የምንወጣው። የልምምድ ቀን ግን ወጪዋ ከጉልበቷ በታች፣ እናንተ ደግሞ እጃችሁን አትቀቡ። ከተቀባችሁ በሳሙና ታጠቡ። የተቀባ ቁርጭምጭሚት በእጅ እንደ ሳሙና ያልፋል።

ቀለበት፣ የጆሮ ጌጥ፣ ሀብል፣ የእጅ ሰዓት ይወልቃሉ። ማስቲካ ይተፋል። ማተብ ያሰረ ሰው መስቀሉን ከካናቴራው ሥር አስገብቶ በፕላስተር ደረቱ ላይ ይለጥፈው። ፈታችሁ ጣሉት አልልም፤ ግን ተንጠልጥሎ ጣት እንዳይገባበት።

አንድ ቃል ላይ ተስማሙ። እኛ «አውርድ» እንላለን። አራታችሁም የመጥራት መብት አላችሁ። ከተጠራ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፣ ወዲያው ትወርዳለች። ጥያቄው መሬት ላይ ይደርሳል።

ደረጃ 1፦ ማሟሟቅ

ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። በዝግታ ሩጡ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ዳሌ፣ ትከሻ አዙሩ። የእጅ አንጓን (መዳፍና ክንድ የሚገናኙበትን) ለብቻው ሁለት ደቂቃ ስጡት፦ አዙሩት፣ መዳፋችሁን መሬት ላይ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ክብደት ጫኑበት። ምክንያቱም ሙሉ ክብደቱ የሚያልፍባት በጣም ትንሿ መገጣጠሚያ እሷ ናት። መጨረሻ ላይ ያለ ክብደት 15 ጊዜ ቁጭ ብድግ።

ሸዋ ሮቢት ላይ ይህ ቶሎ ያልቃል፤ ሙቀቱ ግማሹን ይሠራላችኋል። መሐል ሜዳና ደብረ ብርሃን ግን 15 ደቂቃውን አትቁረጡ። ጃኬት የሚወልቀው ላብ ሲጀምር ነው።

ደረጃ 2፦ ሰው ሳይኖር አቋቋም

እግራችሁን በትከሻ ስፋት ክፈቱ። ክብደታችሁ ተረከዝም ጣትም ላይ ሳይሆን መላው የውስጥ እግራችሁ ላይ ይረፍ። ደረት ቀና፣ ሆድ ጠበቅ፣ ዓይን ወደ ፊት። አሁን ጉልበታችሁን አጥፉና ውረዱ። ጉልበት የእግር ጣት በሚያሳየው አቅጣጫ ይሂድ፤ ወደ ውስጥ አይጠፍ። ወገብ አይጉበጥ።

ለምን? ጀርባ ቀጥ ካለ ክብደቱን ጭን ይቀበለዋል። ጀርባ ከጎበጠ የወገብ ጡንቻ ይቀበለዋል፣ እሱ ደግሞ ለዚህ አልተሠራም። ማታ አልጋ ላይ የሚሰማችሁ የወገብ ሕመም ከዚህ ነው የሚመጣው።

ልኩን በግድግዳ ማወቅ ይቻላል። ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ራቁና ቁጭ ብድግ ሥሩ። ግንባራችሁ ግድግዳውን ከነካ ወደ ፊት እየተደፋችሁ ነው። ሳትነኩት 10 ጊዜ እስክትሠሩ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ከዚያ ከሁለተኛው ተሸካሚ ጋር ፊት ለፊት ቁሙ። በመካከላችሁ ያለው ርቀት ወጪዋ እግሯን በትከሻዋ ስፋት ስትከፍት እያንዳንዱ እግር ከየአንዳችሁ ደረት ፊት የሚውልበት ነው። ብትራራቁ እግሯ ይከፈታል፣ ሁለታችሁም ወደ መሐል ትጎተታላችሁ። ወጪዋ ስትከፈት ሁሉም «እግርሽን ሰብስቢ!» ብሎ ይጮህባታል። ምስኪኗ ምን ታድርግ፣ የራቃችሁት እናንተ።

ደረጃ 3፦ እጅ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

መነሻው ላይ እጃችሁ ሆዳችሁ ፊት ነው፤ መዳፍ ወደ ላይ፣ ክርን ከጎን አጥንት ጋር የተጠጋ። አንደኛው መዳፍ ከተረከዟ ሥር፣ ሌላኛው ከጣቶቿ ግርጌ፣ ሰፋ ካለው የእግሯ ክፍል ሥር ይገባል። ጣቶቻችሁ የጫማውን ጎን ያቅፋሉ። ክብደቱ ግን የሚያርፈው ጣት ላይ ሳይሆን መዳፍ ላይ ነው። የሁለቱ እጆቻችሁ ከፍታ እኩል ይሁን፤ ተረከዝ ዝቅ ካለ ወደ ኋላ፣ ጣት ዝቅ ካለ ወደ ፊት ትደፋለች።

እኔ ስጀምር በጣት ነበር የምይዘው። በጣም የጠነከርኩ ይመስለኝ ነበር፣ ጥብቅ አድርጌ ስለምጨብጥ። ሦስት ሳምንት ብርጭቆ ማንሳት እስኪያቅተኝ አንጓዬን አመመኝ። ያሰለጠነኝ ሰው አንድ ነገር ብቻ አደረገ፦ እጄን ያዘና መዳፌን ከክንዴ አጥንት በላይ በቀጥታ አስቀመጠው። «አጥንት ይሸከምልህ» አለኝ። በቃ። አጥንት አይደክመውም፣ የሚደክመው ጡንቻ ነው።

ይህንን በአካል ለማየት የ5 ሊትሩን ጀሪካን ሙሉት። ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ አንድ ደቂቃ ያዙት። ምንም አይደለም። አሁን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ትከሻችሁ ይቃጠላል። ጀሪካኑ ያው አምስት ኪሎ ነው፤ የተቀየረው ርቀቱ ብቻ ነው። የወጪዋ እግር ከደረታችሁ አንድ ጭብጥ ርቆ ሲወጣ የምትሸከሙት በዚያ መጠን ይከብዳል። ስለዚህ እግሯ ከመነሻ እስከ መድረሻ ደረታችሁን እየታከከ ነው የሚወጣው።

መለማመጃው ቀላል ነው። ወጪዋ ከፍ ያለ አግዳሚ ላይ ትቀመጥ፣ አንድ እግሯን በእጃችሁ ላይ ታድርግና ቀስ እያለች ወደ ታች ትግፋ። እናንተ መዳፍ፣ አንጓ፣ ክርን በአንድ መስመር መሆናቸውን እያያችሁ 10 ሰከንድ ያዙ። አምስት ጊዜ። ማንም ከመሬት ሳይነሳ አያያዙ እዚህ ያልቃል።

ደረጃ 4፦ ውረድ፣ ውጣ

ዋናው ቦታ ይህ ነው። ኃይሉ የሚመጣው አራታችሁም እኩል ጉልበት አጥፋችሁ እኩል ስትዘረጉ ነው።

ቆጠራው የጠባቂው ነው፦ «አንድ፣ ሁለት፣ ታች፣ ላይ»። ሌላ ሰው አይቆጥርም። ሁለት ሰው ከቆጠረ ሁለት የተለያየ ቆጠራ ይሆናል።

በመጀመሪያ በማዳበሪያው ሥሩት። ሁለት ተሸካሚዎች 25 ኪሎውን ማዳበሪያ ግራና ቀኝ ከሥር ይዛችሁ ከሆድ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ሆድ፣ በቆጠራው። «ታች» ሲባል የምትወርዱት ጥቂት ነው፤ ሩብ ያህል ቁጭታ ይበቃል። በጣም ከወረዳችሁ ኃይሉ ከታች ይቀራል። «ላይ» ሲባል መጀመሪያ እግር ይዘረጋል፣ እጅ ደግሞ ሸክሙ ገና ወደ ላይ እየሄደ ሳለ ይከተላል። ልክ ሲሆን ማዳበሪያው ለቅጽበት ይቀልላችኋል። ያቺን ቅጽበት ነው የምንፈልጋት።

ሰው ሲሆን እንዲህ ይሄዳል፦

1. ተሸካሚዎች ጎንበስ ሳይሆን ቁጭ ብለው እጃቸውን ያዘጋጃሉ። ጠባቂው ወጪዋን ከኋላ ወገቧን ይይዛል።
2. ወጪዋ ሁለት እጇን በተሸካሚዎቹ ትከሻ ላይ አድርጋ ክንዷን ትዘረጋለች፤ አንድ እግሯን እጃችሁ ላይ ታስገባለች።
3. በቆጠራ ዘላ ሁለተኛውን ታስገባለች። ክብደቷ አሁንም ክንዷ ላይ ነው፣ ዳሌዋ ከፍ ብሎ። እጃችሁ ላይ ዘፍ ብላ ከተቀመጠች አውርዱና እንደገና ጀምሩ።
4. «ታች፣ ላይ»። ጠባቂው መጀመሪያ ከመቀመጫዋ ሥር ይገፋል፣ ስታልፈው ቁርጭምጭሚቷን ይይዛል።
5. እሷ እግሯን ትዘረጋለች፣ እናንተ በትከሻችሁ ከፍታ ትቀበሏታላችሁ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ «ክንዴ ደካማ ነው፣ ከቡድን ልውጣ» ብላ መጣች። ሜዳው ዳር ባለ ድንጋይ ላይ ስልክ አስደግፈን ከጎን ቀረጽናት። ቪዲዮውን አዘግይተን ስናየው ጓደኛዋ «ላይ» ሲባል ጉልበቷ ተዘርግቶ ጨርሷል፣ የእሷ ግን ገና እየታጠፈ ነው። ግማሽ ሰከንድም አይሞላም። በዚያች ቅጽበት ግን የእግሯ ኃይል የለም፣ ያላት ክንዷ ብቻ ነው። ክንድማ ብቻውን ሲቀር መንቀጥቀጡ ምን ይገርማል! አንድም ፑሽ አፕ ሳትጨምር ሁለት ሳምንት በማዳበሪያ ቆጠራ ብቻ ሠራች። አሁን ከቡድኑ የምትረጋው እሷ ናት።

ደረጃ 5፦ ላይ መያዝ

እግሯ በአንገት አጥንታችሁና በአገጫችሁ መካከል ይረፍ። ክርን ወደ ታችና ወደ ውስጥ፤ የጎን አጥንታችሁን ይንካ። ክርን እንደ ክንፍ ሲከፈት ክብደቱ ከአጥንት ወጥቶ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ጉልበት የተዘረጋ ይሁን፣ ግን ወደ ኋላ ተገፍቶ አይቆለፍ። ወገባችሁን ወደ ኋላ አትለጥጡ። ደረት ላይ የተቀመጠ ሸክም ወደ ኋላ ሲያስደግፋችሁ ምቾት ያለው ይመስላል፤ የታችኛውን ጀርባ የሚጎዳው ግን እሱ ነው። መቀመጫችሁን ጨበጥ አድርጉ፣ ይስተካከላል።

ዓይናችሁ የወጪዋ ወገብ ላይ ነው። ስትወድቅ መጀመሪያ የሚሄደው ወገቧ ስለሆነ እሱን ያየ ቀድሞ ያውቃል። ስልክ የያዘውን ሰው፣ የሚያጨበጭበውን ሕፃን፣ ሜዳውን አቋርጦ የሚያልፈውን በግ አትዩ።

ተንፍሱ። ትንፋሽ ይዞ ስምንት መቁጠር ፊት ያቀላል እንጂ አያጠነክርም። መጀመሪያ አራት ቁጠሩና አውርዱ፣ ከዚያ ስምንት።

ደረጃ 6፦ ማውረድ

ብዙ ቡድን ወጣች ብሎ ያጨበጭብና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ሰው የሚለቀው ታዲያ ያኔ ነው።

ጠባቂው ይቆጥራል። «ታች» ሲል ትንሽ ጉልበት ታጥፋላችሁ፣ «ላይ» ሲል ትዘረጉና በዚያው ወደ ሆዳችሁ ታወርዷታላችሁ። እሷ ትከሻችሁን ትይዛለች፣ ጠባቂው ወገቧን። እያንዳንዱ ተሸካሚ ባንድ እጁ እግሯን እየሸኘ በሌላው ከብብቷ ሥር ይደግፋታል። ሁለት እግሯ መሬት ረግጦ ራሷ «እሺ» እስክትል ማንም እጁን አያነሳም።

ሚዛኗ ከጠፋስ? ከሥሯ አትሽሹ። ወደ እሷ ተጠጉ፣ ከፍ አድርጋችሁ ወገብና ጀርባዋን አቅፉ፣ በጉልበታችሁ እየታጠፋችሁ ተቀበሏት። ጭንቅላቷና አንገቷ መሬት እንዳይነኩ ማድረግ የሁላችሁም ሥራ ነው። መሸሽ ተፈጥሯዊ ነው፤ ስለዚህ መጠጋትን ሆን ብላችሁ ተለማመዱት። ማዳበሪያውን ከደረት ከፍታ ቀስ አድርጎ የሚለቅ ሰው አቁሙና ሁለት ተሸካሚዎች ክንድ አገናኝታችሁ ተቀበሉት።

ደረጃ 7፦ ጉልበት ማሳደግ

ወጪዋ 50 ኪሎ ብትሆን ቆማ ሳለ ለእያንዳንዱ ተሸካሚ 25 ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል፤ ጠባቂው ደግሞ ያቀልላችኋል። ስትወጣና ስትወርድ ግን ክብደቱ ለቅጽበት ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ዒላማችሁ 25 ኪሎን ያለ ጭንቀት ማንሳት ነው።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን። ከማንሳት ልምምድ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን። የደከመ እግር ላይ ሰው አይወጣም።

- ጀሪካን ደረት ላይ አቅፎ ቁጭ ብድግ፦ 3 ዙር በ10። በ10 ሊትር ጀምሩ። ከሁሉም አስፈላጊው ይህ ነው፤ ጊዜ ከሌላችሁ ይህን ብቻ ሥሩ።
- ከቁጭታ ተነስቶ ወደ ላይ መግፋት፦ 3 ዙር በ6። በ5 ሊትር ጀምሩ። እግር ጨርሶ እጅ የሚቀጥልበትን ቅደም ተከተል ያስተምራል።
- ፑሽ አፕ፦ 3 ዙር፣ ሁለት ያህል ብቻ የመሥራት አቅም ሲቀራችሁ አቁሙ። ክርን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ኋላ። ይኸው፣ የጠየቃችሁኝ ፑሽ አፕ ሦስተኛ ሆኖ መጣ።
- በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት፦ 3 ጊዜ በ30 ሰከንድ። ወገብ ከሰመጠ ሰዓቱ አልቋል።
- በሁለት እጅ ጀሪካን ይዞ 30 ሜትር መራመድ፦ 4 ጊዜ። ከቦኖ ውሃ የምታመላልሱ ልጆች ይህን በነጻ ሠርታችሁታል፤ ዝለሉት። ግን ሁለቱ እጅ እኩል ይሁን። አንድ ጀሪካን በአንድ ጎን ብቻ መሸከም ያጣምማል።
- በእግር ጣት መነሳት፦ 3 ዙር በ15።

ክብደት ከመጨመራችሁ በፊት ቁጥር ጨምሩ። 10 የነበረው ለሁለት ተከታታይ ልምምድ 12 ሆኖ ከቀለላችሁ፣ ያኔ ሁለት ሊትር ውሃ ጨምሩበት። የጀሪካን ጥቅሙ ይሄ ነው፤ በአንድ ሃይላንድ ውሃ ልክ ማሳደግ ይቻላል።

ሁለት የአካባቢያችን ነገሮች። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,840፣ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ። ከቆላ ለትርኢት የምትወጡ ቡድኖች ጣርማ በርን (ወደ ደጋው የሚያወጣውን የተራራ መተላለፊያ) ባለፋችሁ ማግስት ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዙር ቀንሱ፣ በመካከሉ ያለውን ዕረፍት እጥፍ አድርጉት።

ሌላው ጾም ነው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ 8 ሰዓት ላይ ሰው አታንሱ። ያልበላ ሰው እጁ የሚንቀጠቀጠው በሌላ ምክንያት ነው፣ እኔም ልረዳው አልችልም። የዚያን ሰዓት ቆጠራና አቋቋም ሥሩ። ከባዱን ከፈታችሁ በኋላ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ አድርጉት። ሽሮና ክክ ለጡንቻ ጥሩ ናቸው፤ በሶ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ጉልበት ነው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ከፍታ መቸኮል። ትከሻ ከፍታ ላይ 10 ጊዜ በተከታታይ፣ ሳትነቃነቁ፣ ስምንት ቆጥራችሁ ካላወረዳችኋት ወደ ላይ አታስቡ። ዘጠነኛው ላይ ከተበላሸ ከአንድ ይጀመራል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ።

በቁመት የማይመጣጠኑ ተሸካሚዎች። የአንዱ ትከሻ ከሌላው በጣም ከበለጠ ወጪዋ ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ቆማለች ማለት ነው። ረጅሙ ጉልበቱን አጥፎ ይቆያል፣ ቶሎ ይደክመዋል። ተቀራራቢ ቁመት ያላቸውን አጣምሩ፣ ረጅሙን ጠባቂ አድርጉት። ረጅም ጠባቂ ሀብት ነው።

እግሯን እያሳደዱ መራመድ። ስትወላወል ተሸካሚዎች ይከተሏታል፣ እሷ የበለጠ ትወላወላለች። ቦታችሁን ያዙ፣ እግሯን ወደ ደረታችሁ ሳቡ። ካልሆነ «አውርድ»።

ሳቅ። ይቅርታ፣ ግን እውነት ነው።

ሕመም ሲሰማ

በማግስቱ ጭን ቢከብድ፣ ደረጃ መውረድ ቢያስቸግር ጤናማ ነው፤ በሁለት በሦስት ቀን ይለቃል። አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ፣ የሚያብጥ፣ ወይም እጅ የሚያደነዝዝ ሕመም ግን ሌላ ነው። ያን ቀን አቁሙ። በሳምንት ካልተሻለ ሐኪም ይየው። ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ ያበጠ አንጓ በኃይል አታሳሹ፤ ስብራት ሊኖረው ይችላል፣ መጀመሪያ ራጅ ይነሳ።

ጭንቅላቷን የተመታች ልጅ «ደህና ነኝ» ብትልም የዚያን ቀን አትወጣም። ካስመለሳት፣ ከተደናገረች፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት፣ ራስ ምታቱ ከበረታ ቀጥታ ሆስፒታል። አንገቷን ወይም ጀርባዋን አመመኝ ካለች፣ ወይም እጅ እግሯ ከደነዘዘ፣ አታንቀሳቅሷት፣ አታስቀምጧት፣ ውሃ አታጠጧት። ባለችበት ብርድ ልብስ አልብሳችሁ የሕክምና ሰው ጥሩ።

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ አሁንም እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ጠይቁኝ። ግን ቪዲዮ ይዛችሁ ኑ፤ ከጎን የተቀረጸ፣ ከ«አንድ» እስከ «እሺ» ድረስ ያለውን በሙሉ። ከወገብ በላይ ብቻ የሚያሳይ አታምጡ። እኔ የማየው ጉልበታችሁን ነው።